ሬክባኩ ይመጣል፣ አሁን ደግሞ «ሰው አምጣ» ተባልኩ

ጥያቄ፦

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ፣ እንዴት ናችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ምኖረው፣ ኡበር እነዳለሁ፣ ባለትዳርና የአንድ ልጅ አባት ነኝ። ደለስ ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ በስልኬ ፖከር መጫወት ጀመርኩ። ያስገባኝ አንድ የሀገር ልጅ ነው፣ አፑ ላይ ላለ ክለብ ኤጀንት ነው፣ ብሩን በዜል (በባንክ ገንዘብ መላኪያ) ለሱ እልካለሁ እሱ ቺፕ (የመጫወቻ ሂሳብ) ይጭንልኛል። በየሰኞው 30 ፐርሰንት ሬክባክ፣ ማለትም ክለቡ ከቆረጠብኝ (ሬክ ሚሉት) ላይ ሚመለሰውን፣ ይልክልኛል፣ ባለፉት ሶስት ወራት 600 ዶላር ገደማ ደርሶኛል። ባለቤቴም «ቢያንስ ይከፍሉሃል» ትላለች። እውነቱን ለመናገር ያስገባሁት 4,100 ነው፣ ሬክባኩን ጨምሮ ያወጣሁት 1,900፣ አፑ ላይ 350 አለኝ። ሰኞ ሚመጣውን አብዛኛውን ጊዜ ያኑ ማታ መልሼ አስገባዋለሁ። ሬክባክ ስላለ ብዙ በተጫወትኩ ቁጥር ብዙ ይመለስልኛል ብዬ ነው።

አሁን ያ ኤጀንት ልጅ «ከስርህ አምስት ስድስት ሰው አምጣ፣ ከነሱ ሬክ 50 ፐርሰንት ላንተ እሰጥሃለሁ፣ 30ውን ለነሱ ስጥ፣ 20ው ያንተ ነው፣ አንተ ስንት እንደሚደርስህ ግን አትንገራቸው» አለኝ። እንደ እቁብ በመተማመን ነው ሚሰራው ይላል። ሾፌር ጓደኞቼ ብዙ ናቸው። ግሪን ካርድ አለኝ፣ በሚቀጥለው ዓመት ለዜግነት አመለክታለሁ። ልግባበት ወይ? ሬክባክ ራሱስ ትክክለኛ ነገር ነው?

ግራ የገባኝ

መልስ፦

ወንድሜ፣ ያስገባኸውንም ያወጣኸውንም ሳትደብቅ ስለጻፍክልኝ በጣም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ሰው የበላውን ነው ሚያወራው የተበላውን አይነግርህም። መልሴን ከፊት ላስቀምጠው፦ ሰው አታምጣ፣ ኤጀንት አትሁን፣ አፑ ላይ ያለችህን 350 ዶላር ደግሞ ልጁን እምቢ ከማለትህ በፊት አውጣት። ቅደም ተከተሉን አትቀይር፣ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ሬክባክ ትክክለኛ ነገር ነው ወይ ላልከው፣ በራሱ ማጭበርበሪያ አይደለም፣ በኦንላይን ፖከር ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ አሰራር ነው። ግን ገቢ አይደለም። ቤቱ (ማጫወቻው) ከየፖቱ፣ በየዙሩ ተጫዋቾች ከሚያስገቡት ድምር፣ ይቆርጣል፣ ብዙ ቦታ 5 ፐርሰንት ሆኖ ጣሪያ አለው፣ ሬክ ሚባለው ይሄ ነው። ሬክባክ ማለት ከተቆረጠብህ ላይ የተወሰነው ወዳንተ ሲመለስ ነው። አንድ እጅ (አንድ ዙር ጨዋታ) እንይ፦ ፖቱ 60 ዶላር ደረሰ እንበል፣ ግማሹን 30ውን አንተ ነህ ያስገባኸው። ቤቱ 3 ዶላር ይቆርጣል። ዛሬ ብዙ ቦታ ሚሰራበት ስሌት ሬኩን ባስገባኸው ልክ ነው ሚያካፍለው፣ ስለዚህ ባንተ ስም ሚመዘገበው 1 ዶላር ከ50 ነው፣ 30 ፐርሰንቱ 45 ሳንቲም። እጁን ከተሸነፍክ 30 ዶላር ሄዶ ሰኞ 45 ሳንቲም ይመጣል። ካሸነፍክም 60 ሳይሆን 57 ነው ምትወስደው፣ 45 ሳንቲሙ ከዛ ላይ ትጨመራለች። «ይከፍሉሃል» ሚባለው ነገር ይሄው ነው።

አሁን ወደራስህ ሂሳብ ና፣ እዚህ ላይ ቀስ እንበል ምክንያቱም ደብዳቤህን ሳነብ ብእር ይዤ የቆምኩት እዚህ ነው። 600 ዶላር ሬክባክ በ30 ፐርሰንት ከመጣ፣ በሶስት ወር ውስጥ ባንተ ስም የተቆረጠው ሬክ 2,000 ዶላር ገደማ ነው ማለት ነው። 600ው ተመለሰ፣ 1,400ው ቀረ። ያስገባኸው 4,100፣ ያወጣኸው 1,900፣ የቀረህ 350፣ ስለዚህ የከሰርከው 1,850 ነው። ከዚህ 1,850 ውስጥ 1,400ው የሬክ ነው ካልን፣ ሌሎቹ ተጫዋቾች ከኪስህ የወሰዱት 450 ብቻ ነው። ይሄን ደግመህ አንብበው። ካርታ አጨዋወትህ ያን ያህል መጥፎ አይደለም፣ ጠረጴዛው ላይ አብረውህ የተቀመጡት ሰዎች አይደሉም ዋናው የበሉህ፣ አንዲት ካርታ ሳያነሳ ከየፖቱ ሚቆርጠው ቤት ነው፣ ያም ሰኞ ሰኞ ትንሽ እየመለሰ ስለሆነ ሳታስተውለው ቆይተሃል። እና «ብዙ በተጫወትኩ ቁጥር ብዙ ይመለስልኛል» ያልከው እውነት ነው፣ 30 ብር እንዲመለስ ግን መጀመሪያ 100 ብር መቆረጥ አለበት፣ ሁለት እጥፍ ብትጫወት ሬክባኩም እጥፍ ይሆናል ማይመለሰው 70ም እጥፍ ይሆናል።

ሌላም ነገር አለ። ልጁ ከምታመጣቸው ሰዎች ሬክ 50 ፐርሰንት ልስጥህ ካለህ እሱ ጋር ሚደርሰው ቢያንስ 50 ነው፣ ምናልባትም ከዛ በላይ፣ ራሱ ምንም ሳይተርፈው አይሰጥህምና። ላንተ ግን ሲሰጥህ የቆየው 30 ነው። ስለዚህ ካንተ 2,000 ዶላር ሬክ ላይ ቢያንስ 400 ዶላር ለራሱ ቀርቶለታል። «አትንገራቸው» ያለህ ነገር ባንተ ላይ ሲሰራ ነው የቆየው። ይሄን ምልህ ልጁን እንድትጠላው አይደለም፣ ስራው ነው፣ ግን ሰው ከስርህ አስገባ ሲልህ ጓደኞችህን አሁን አንተ በቆምክበት ቦታ አቁም ማለቱ እንደሆነ እንድታየው ነው።

እስቲ አሰራሩ ከየት እንደመጣ ትንሽ ልንገርህ፣ ያኔ ኤጀንቱ ማን እንደሆነ ይገባሃል። እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ መኒሜከር ሚባል ተራ የሂሳብ ሰራተኛ በኦንላይን ማጣሪያ አልፎ ላስቬጋስ ላይ ትልቁን የፖከር ውድድር አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ፣ ከዛ በኋላ ዓለም በሙሉ ኢንተርኔት ላይ ፖከር ለመጫወት ተሯሯጠ። የፖከር ሳይቶቹ ሰው ሚያመጣላቸው ደላላ ፈለጉ፣ አፊሊየት ይባላል። ክፍያው ሁለት አይነት ነበር፦ ወይ ባመጣው ሰው ልክ አንዴ ይከፈለዋል፣ ወይ ያመጣው ሰው እስከተጫወተ ድረስ ከሬኩ ላይ ፐርሰንት ይበላል። አፊሊየቶቹ ሲበዙ እርስ በርስ ተፎካከሩ፣ «በኔ ሊንክ ከተመዘገብክ ከድርሻዬ ለራስህ እመልስልሃለሁ» ማለት ጀመሩ፣ ሬክባክ የተስፋፋው እንዲህ ነው። ፉል ቲልት ፖከር ሚባል ትልቅ ሳይት ላይ 27 ፐርሰንት የታወቀ ዋጋ ነበር፣ በአፊሊየት ሳትገባ በራስህ ከተመዘገብክ ግን በኋላ ብትለምንም ማግኘቱ ከባድ ነበር፣ ምክንያቱም አካውንትህ ገና ሲከፈት ነው ለማን እንደሆንክ ሚጻፈው። ሌላው ትልቅ ሳይት ፖከርስታርስ ደግሞ በአፊሊየት በኩል ሬክባክ አይፈቅድም ነበር፣ በራሱ የነጥብ ስርዓት ነበር ሚመልሰው።

ከዚህ ውስጥ ላንተ ሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፣ በፐርሰንት ሚበላ አፊሊየት ብታሸንፍም ብትሸነፍም ግድ የለውም፣ ሚያገኘው ስትጫወት ነው፣ ስታቆም ነው ሚጎዳው። ስለዚህ «ዛሬ ይብቃህ፣ ቤትህ ግባ» ሚልህ ኤጀንት አታገኝም፣ ሰውየው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ክፍያው የተሰራው እንደዛ ስለሆነ።

ደግሞም ፐርሰንቱ ቃል እንጂ ውል አይደለም። ፖከርስታርስ ላይ ሱፐርኖቫ ኤሊት ሚባል ከፍተኛ ደረጃ ነበር፣ በ2015 ዓመቱን ሙሉ ቀን ከሌት ተጫውተው የ2016ቱን ጥቅም ያገኙ ሰዎች ነበሩ፣ ኩባንያው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ህዳር ላይ ጥቅሙን ቆረጥኩት አለ። ተጫዋቾቹ ታህሳስ መጀመሪያ ላይ ለሶስት ቀን ጠረጴዛ ላይ አንቀመጥም ብለው አደሙ፣ ውሳኔው ግን ጸና። የተመዘገበ ትልቅ ኩባንያ እንዲህ ካደረገ፣ ቃል ብቻ የገባልህ ልጅ ነገ 30ውን 15 ቢያደርገው ምን ታደርጋለህ?

ከፐርሰንቱ በላይ ሚያስፈራኝ ግን ያስገባኸው ገንዘብ የት ነው ያለው ሚለው ጥያቄ ነው። ሚያዝያ 15 ቀን 2011 (በፈረንጆቹ) የአሜሪካ ፍትህ መስሪያ ቤት ትልልቆቹን የፖከር ሳይቶች በአንድ ቀን ዘጋቸው፣ ተጫዋቾች እስከዛሬ «ጥቁሩ አርብ» ይሉታል። ያኔ ነው ፉል ቲልት ጉዱ የወጣው፦ ለተጫዋቾች 390 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ አለበት ባንክ ያለው ግን 60 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ሰው ባላንሱን ያያል፣ ጀርባው ባዶ ነው። በ2012 ፖከርስታርስ ከመንግስት ጋር ተስማምቶ ባይገዛው ኖሮ ሰዉ ገንዘቡን አያገኝም ነበር፣ እሱም ሆኖ አሜሪካ ውስጥ የነበሩት መቀበል የጀመሩት በ2014 ነው። ሎክ ፖከር ሚባለው ደግሞ በ2015 ተዘጋ፣ የተጫዋቾቹ ገንዘብ ቀረ።

አንተ ያለህበት ክለብ ከነዚህም ይብሳል። እንዲህ አይነት አፖች በወረቀት ደረጃ ሚሉት «እኛ ጋር ያለው የመጫወቻ ቺፕ ነው፣ ገንዘብ አናስተናግድም» ነው። ገንዘቡ ሚንቀሳቀሰው ካፑ ውጪ ነው፣ ካንተ ወደ ኤጀንቱ፣ ከኤጀንቱ ወደ ክለቡ ባለቤት፣ በየሳምንቱ ይተሳሰባሉ። ልጁ ስልኩን ቢቀይር፣ ከክለቡ ጋር ቢጣላ፣ ወይ ራሱ ተጫውቶ ቢበላ፣ አፑ ላይ ሚታይህ 350 ቁጥር ብቻ ነው። ለአፑ ብትጽፍ «የኛ ጉዳይ አይደለም» ነው መልሱ። ዜል ደግሞ አንዴ በፈቃድህ ከላክ መልሱልኝ ብሎ ማስመለስ በጣም ከባድ ነው። ኒው ጀርሲ፣ ፔንሲልቬንያ፣ ሚሺገን፣ ኔቫዳ ውስጥ ኦንላይን ፖከር ፈቃድ ተሰጥቶት ይሰራል፣ ካልተከፈልክ አቤት ምትልበት ተቆጣጣሪ አለ። ሜሪላንድ ለኦንላይን ፖከር እንዲህ አይነት ፈቃድ የላትም።

እና «እንደ እቁብ ነው» ሚለውን ነገር እባክህ አትቀበለው፣ ይሄ ቃል አበሳጭቶኛል። እቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሃፊ አለው፣ ዋስ ሳታቀርብ እጣህን አትወስድም፣ ከሁሉም በላይ ግን እቁብ ውስጥ የገባው ብር ሙሉውን ለአባላቱ ነው ሚወጣው። እዚህ ግን በየእጁ እየተቆረጠ ነው። አስር ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሌሊቱን ሙሉ ቢጫወቱ ሲነጋ የአስሩ ገንዘብ ተደምሮ ከገባው ያነሰ ነው፣ ሁሌም።

አሁን ኤጀንት ሁን ያለህን እንየው። በገንዘብ ብቻ ካየኸው ያጓጓል፣ አልዋሽህም። አምስት ጓደኞችህ እያንዳንዳቸው እንዳንተ በሶስት ወር 2,000 ሬክ ቢያወጡ ድምሩ 10,000 ነው፣ 20 ፐርሰንቱ 2,000 ዶላር፣ የከሰርከውን 1,850 ሸፍኖ ይተርፋል፣ ሃሳቡ ጭንቅላትህ ውስጥ የገባው በዚህ በኩል ይመስለኛል። ግን ይሄ 2,000 እንዲመጣ አምስቱ ሾፌሮች ምን መሆን አለባቸው? እንዳንተ መጫወት፣ እንዳንተ መክሰር፣ ሰኞ የመጣውን ያኑ ማታ መልሰው ማስገባት። አንዱ ነቅቶ ቢያቆም ያንተ ገቢ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ሳታስበው «ምነው ጠፋህ፣ ዛሬ ጠረጴዛው ጥሩ ነው» ብለህ ምትደውልለት አንተ ትሆናለህ። ክርስትና ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ኤርፖርቱ ፓርኪንግ ላይ ነገ ምታገኛቸው ሰዎች ናቸው።

በዛ ላይ ክሬዲት ሚባል ጣጣ አለ። ብዙ ቦታ ኤጀንት ሰውን በዱቤ ያጫውታል፣ ሳምንቱ ሲያልቅ ይተሳሰባሉ። ከስርህ ያለ ሰው 1,500 በዱቤ ተበልቶ «የለኝም ወንድሜ» ቢልህ፣ ለላይኛው ምትከፍለው አንተ ነህ። ልጁ ይሄን አልነገረህም፣ ወይ ነግሮህ ደብዳቤው ላይ አልጻፍከውም።

ህጉ ጋ ስመጣ ጠበቃ እንዳልሆንኩ እወቅልኝ፣ ግን ይሄን ማወቅ አለብህ። የስቴቱ ህግ ማይፈቅደውን የቁማር ስራ አምስትና ከዛ በላይ ሰዎች ሆነው ካንቀሳቀሱ፣ ስራው ከ30 ቀን በላይ ከቆየ ወይ በአንድ ቀን 2,000 ዶላር ካስገባ፣ የፌደራል ወንጀል ነው፣ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። ተራ ተጫዋች እዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም፣ ሰው እየሰበሰበ ገንዘብ እየተቀበለ ኮሚሽን ሚበላ ሰው ግን ሊገባ ይችላል። ያንተ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ ዜግነቱ። ምትሞላው ኤን-400 ፎርም በህገወጥ መንገድ ቁማር ተጫውተህ ታውቃለህ ወይ፣ ከህገወጥ ቁማር ገቢ አግኝተህ ታውቃለህ ወይ ብሎ በግልጽ ይጠይቃል። የኢሚግሬሽን ህጉም ዋነኛ ገቢው ከህገወጥ ቁማር የሆነን ሰው መልካም ስነምግባር አለው ብሎ አይቆጥረውም፣ ለዜግነት ደግሞ ያ ግዴታ ነው። «አላደረግኩም» ብሎ መሙላት ደግሞ ከቁማሩ የከፋ ችግር ነው፣ ምክንያቱም በመሃላ ፊት መዋሸት ይሆናል። ዜል ላይ በየሳምንቱ ከአምስት ሰው ሚገባ ብር ባንክህ ውስጥ ተመዝግቦ ይቀመጣል፣ «ማስታወሻው ላይ ምግብ ብለህ ጻፍ» ቢሉህም ያው ነው እንደውም መደበቅ ያስመስለዋል። እስካሁን ስለተጫወትከውም ቢሆን ፎርሙን ከመሙላትህ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ተቀምጠህ ሁሉንም ንገረው፣ ጓደኛ እንዲህ ብሎኛል ብለህ አትሙላ።

ምን ላድርግ ላልከው። ዛሬ ማታ 350ውን በሙሉ አውጣልኝ በለው፣ ምክንያት ከጠየቀህ የመኪና ኢንሹራንስ አለብኝ በቂ ነው፣ ስለ ኤጀንትነቱ ምንም አትመልስለት። እምቢታህን ገንዘብህ እጁ ላይ እያለ ከነገርከው ሊያጓትትህ ምክንያት ይሆነዋል፣ ለዛ ነው ቅደም ተከተሉን አትቀይር ያልኩህ። የተጻጻፋችሁትንና የላክሃቸውን ክፍያዎች ስክሪንሾት አድርገህ አስቀምጥ፣ የጠበቃው ጥያቄ ሲመጣ ያስፈልግሃል። ብሩ አካውንትህ ውስጥ ገብቶ ስታይ ያኔ ጻፍለት፣ አጭር አድርገው፦ «ወንድሜ ስላሰብክልኝ አመሰግናለሁ፣ ሰው ማምጣት አልፈልግም፣ እኔም አቁሜያለሁ።» ከዛ አፑን አጥፋ፣ ክርክር ውስጥ አትግባ፣ «40 ላድርግልህ» ቢልህ እንኳ አትመልስ፣ ይላል ብዬ እገምታለሁ። ባይከፍልህስ? ያኔ 350 ዶላር ከሰርክ፣ ያማል፣ ግን ለማስመለስ ብለህ ሌላ 350 እንዳታስገባ።

ባለቤትህን በተመለከተ «ይከፍሉሃል» ያለችው 600ውን ስለነገርካት ይመስለኛል፣ 4,100ውን የምታውቅ አይመስለኝም። ንገራት። ከላይ የሰራሁትን ሂሳብ ወረቀት ላይ ጻፈውና አብራችሁ እዩት፣ በሌላ መንገድ ከምትሰማ ካንተ ብትሰማው ይሻላል። ትቆጣለች፣ መቆጣቷ ልክ ነው፣ ግን ኤጀንት ሆነህ የጓደኛህ ሚስት ደውላ ከምትነግራት በጣም ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። ሰኞ የመጣውን ያኑ ማታ መልሶ ማስገባት ያልካት ነገር አሳስባኛለች። አፑን አጥፍተህ ከሳምንት በኋላ እጅህ ራሱ ወደ ስልኩ ሚሄድ ከሆነ፣ ወይ ተራ ስትጠብቅ ሌላ ነገር ማሰብ ካቃተህ፣ 1-800-426-2537 ደውል፣ የቁማር ችግር ላለበት ሰው የተዘጋጀ መስመር ነው፣ ነጻ ነው፣ ማንነትህን ሳትገልጽ ማውራት ትችላለህ። እንግሊዝኛው ከከበደህ አስተርጓሚ ይኖራቸው እንደሆነ ጠይቃቸው፣ ወይ ምታምነው ሰው አጠገብህ ይቀመጥ። ልጁ 350ውን ከከፈለህ ወይ ካጓተተህ ደግሞ ጻፍልኝ፣ ጠበቃ ጋ ስትሄድ ምን ይዘህ መሄድ እንዳለብህ በዝርዝር እነግርሃለሁ።